ከሚዛን በፊት ኪስ

እናቴ ያስተማረችኝ የመጀመሪያው ሕግ «ከሚዛን በፊት ኪስ» የሚል ነው። ላውንድሪ ነበረን። ሰው ልብሱን በከረጢት ይዞ ይመጣል፤ አባቴ ሚዛን ላይ ከማውጣቱ በፊት እናቴ እያንዳንዱን ሱሪና ኮት አንስታ ኪሱን ወደ ውጭ ትገለብጠዋለች። ቁልፍ፣ እስክሪብቶ፣ የአውቶቡስ ትኬት ይወጣል፤ አንዴም ሰው ሠራሽ ጥርስ ወጥቶ ባለቤቱ እስኪመጣ ሦስት ቀን መስኮት ላይ ሲስቅብን ሰንብቷል። «እኛ የምንመዝነው ልብስ ነው፤ የሰው ጓዝ አይደለም» ትል ነበር። ሰባት ዓመት ሲሞላኝ ኪስ መፈተሽ የኔ ሥራ ሆነ። እጄ ትንሽ ስለነበረች ጥግ ድረስ ትገባለች።

ዛሬ አርባ አንድ ዓመቴ ነው። ባሌ ኮቱን አውልቆ ወንበር ላይ ሲወረውር አሁንም እጄ ሳላዘው ኪሱ ውስጥ ይገባል። «ምን ፈልገሽ ነው?» ብሎ ይቆጣል። ኧረ ምንም አልፈለግኩም፤ ልማድ ሆኖብኝ ነው። በሕይወቴ ሳልፈትሽ ያለፍኩት አንድ ኪስ ብቻ ነው፤ የማወራውም ስለሱ ነው።

ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። በዚያ ወሰነ ትምህርት የተማርነውን ብትጠይቁኝ ዛሬም አንድ በአንድ በቃሌ እወጣላችኋለሁ። በሒሳብ መቶኛና የመስመር ግራፍ፣ በሳይንስ የሰው አካልና የሕመም ምልክቶች፣ በኅብረተሰብ ትምህርት የካርታ አነባበብ፣ በቋንቋ ደብዳቤ አጻጻፍ። የሒሳብ አስተማሪያችንን በስሙ የሚጠራው አልነበረም፤ «ቀጥበሉ» ነበር የምንለው። ሰልፍ ላይ «ቀጥ በሉ!»፣ ክፍል ውስጥ «ቀጥ በሉ!»፣ መስመር ስናሰምርም «ቀጥ በሉ!»። ጀርባው ራሱ ተሰምሮ የተሠራ ይመስል ነበር።

ቀጥበሉ ባለ ካሬ ወረቀት አደለንና እንዲህ አለ፦ «ከቤታችሁ አንድ የሚለዋወጥ ነገር ምረጡ። በየሳምንቱ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት ለኩት። አሥራ ሁለት ሳምንት፣ አሥራ ሁለት ነጥብ። ግራፋችሁ የወላጆች ቀን ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ አንደኛ የወጣው መሀል ላይ ይሆናል።» ከዚያ ጠመኔውን አስቀምጦ ጣቱን አነሳብን። «መረጃ አይዋሽም። የሚዋሸው ሰው ነው። የፈጠራ ቁጥር ይዞ የሚመጣ ልጅ ከኔ ጋር አይተዋወቅም።»

አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ የባቄላ ቡቃያ መረጠች። አንዱ የአባቱን ጢም ሊለካ ነው። እኛ ቤት የሚያድግ ነገር አልነበረም፤ ሚዛን ግን ነበረ። ያውም ሁለት። ትልቁ፣ ከረጢት የሚወጣበት፣ ወለል ላይ የቆመው ነው። ትንሹ ባለ ሁለት ሳህን ሆኖ ለሸሚዝና ለጥቃቅን ነገር ነው፤ የሱ ብረቶች ስድስት ናቸው፦ ሁለት ባለ ሁለት ኪሎ፣ ሁለት ባለ አንድ ኪሎ፣ ሁለት ባለ ግማሽ። በእንጨት ሳጥን ውስጥ እንደ ጌጥ ተደርድረው ይቀመጣሉ። አባቴ በሚዛን ነገር ቀልድ አያውቅም። ሲመዝን ሁለት እጁን ወደ ኋላ ያጣምራል፤ «ጣቱን አስደገፈ እንዳልባል» ይላል። የሰፈሩ ሰው «የሱ ሚዛንና የሱ አፍ አንድ ናቸው» ይለው ነበር።

«እማዬን ነው የምመዝናት!» አልኩ ማታ ራት ላይ።

አባቴ ጉርሻውን ሳይውጥ ቀና አለ። «ሌላ ነገር ፈልጊ።»

«ለምን?»

«ለምን ማለት… እናትሽ ሥራ አላት።»

«ተዋት እንጂ አንተ ሰውዬ» አለች እናቴ። ድንቡሽ ያለች ሴት ነበረች፤ ስትስቅ ወንበሩም አብሯት ይስቃል። «ይሄ ሁሉ ሥጋ ለምን ቀን ነው? ልጄ በኔ አንደኛ ትውጣበት!»

ሕመሟን ካወቀች ያን ቀን አሥራ አንደኛ ቀኗ ነበር። ይሄን የሰማሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። እምቢ ብትል ምክንያት ልትነግረኝ ነው፤ ስለዚህ እሺ አለች።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ስልሳ ሦስት ኪሎ። ነጥቧን በእርሳስ ተከልኩ፤ ሰባት ጊዜ አጠፋሁና ሰባት ጊዜ ጻፍኩት። ሁለተኛው ስልሳ ሁለት። ሦስተኛው ስልሳ ተኩል። አራተኛው ሃምሳ ዘጠኝ። የኔ መስመር እንደ ሰው መስመር አልተጠማዘዘም፤ እየተንሸራተተ ይወርዳል፤ ደስ አለኝ። የወንበር ጎረቤቴ ባቄላ ደርቆባታል፤ የባለጢሙ ልጅ አባት ተላጭቷል። አንደኛነቱ በእጄ ነው ብዬ የልብ ልብ ተሰማኝ።

በዚያው ሳምንት የሳይንስ አስተማሪዋ ሰሌዳ ላይ «የሕመም ምልክቶች» ብላ ጻፈች። ተራ ቁጥር ሦስት «ያለ ምክንያት ክብደት መቀነስ» ይላል። እኔ ደብተሬ ላይ ጽፌው፣ አስምሬበት፣ ከዚያ ነው የገባኝ።  ደወሉ ሲደወል ቦርሳዬን እንኳ ሳልዘጋ ሮጬ ቤት ደረስኩ። እናቴ የሆቴል አንሶላ እየተኮሰች ነበር፤ ክፍሉ ትኩስ ጨርቅ ትኩስ ጨርቅ ይሸታል።

«እማዬ፣ ታመሻል እንዴ?»

ካውያውን አቆመችው። «ማነው ያለሽ?»

«ሳይንስ።»

«ሳይንስ!» አለች። «ምን አስቀየምኩት ደግሞ እሱን?»

እኔ ግን ልስቅ አልቻልኩም። ለቅሶዬ አመለጠኝ፤ ሽርጧ ውስጥ ተወሽቄ እንፋሎትና ሳሙና እያሸተተኝ ተነፋረቅኩ። ጀርባዬን እየመታች «እሹሩሩ፣ ትልቋ ልጅ» አለችኝ። «ስሚኝ። ሥራ በዝቶብኝ ምሳ እየዘለልኩ ነው፤ አበቃ። ከዛሬ ጀምሮ ግራም ብቀንስ ምን አለች በይኝ።»

ቅዳሜ መዘንኳት። ሃምሳ ዘጠኝ። የሚቀጥለው ቅዳሜ ሃምሳ ዘጠኝ። ሰባተኛው ሳምንት ላይ እንዲያውም ሃምሳ ዘጠኝ ተኩል። «ትናንት እንደ አውሬ ስበላ አላየሽኝም?» አለች። አላየኋትም። ግን ሚዛኑ የአባቴ ሚዛን ነው፤ ማን ይጠራጠረዋል?

አባቴ በነዚያ ሳምንታት ሌላ ጭንቅ ያዘው። የትንሹ ሚዛን ብረቶች አንድ በአንድ እየጠፉ ነው። መጀመሪያ አንድ ባለ ሁለት ኪሎ፣ ቀጥሎ ባለ አንዱ፣ ቀጥሎ ሌላው። መደርደሪያውን አንቀሳቀሰ፣ የከረጢቶቹን ሥር አየ፣ ማጠቢያው ጀርባ ገብቶ ጉልበቱን ፋቀ። «ብረት እግር አያወጣ! ወይ ዓይኔ ነው ወይ ራሴ ነው የሄደብኝ» ይላል። እናቴ ከመተኮሻው ጠረጴዛ ኋላ ሆና «አብረህ ፈልግልኝ፣ የኔም ወጣትነት እዚያው አካባቢ ነው የጠፋው» ትለዋለች።

ማክሰኞ ማክሰኞ ሁለቱ ተያይዘው ይወጣሉ። «ሳሙና ልናመጣ ነው» ይሉኛል። ሳሙናው ግን ሲጨምር አላየሁም። አንድ ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጓሮ ውስጥ፣ በተሰጡት አንሶላዎች መሀል ድምፃቸውን ሰማሁ። እግራቸው ብቻ ነበር የሚታየኝ።

«ንገሪያት» ይላል አባቴ።

«ፈተናዋን ትጨርስ። ትምህርት ይዘጋ። ያኔ እንነግራታለን።»

«እስከዚያ…»

«እስከዚያ እቆማለሁ አልኩህ እኮ። ምን ያህል ቀን ነው ብለህ ነው?»

ጆሮዬ ቆመ። ፈተናዬን ስጨርስ የሚነግሩኝ ነገር አለ! ሌላ ምን ሊሆን ይችላል፤ ብስክሌት ነው። ቀይ ብስክሌት፣ ደወል ያለው። ሁለት ዓመት ሙሉ ስለምናቸው ኖሬያለሁ። ማክሰኞ ማክሰኞ የሚሄዱት ሊመርጡልኝ ነው። በማግስቱ ለጎረቤቴ ነገርኳት፤ «ለማንም እንዳትናገሪ» ብዬ፤ እረፍት ሰዓት ላይ ግማሹ ክፍል «አንድ ዙር ታስነጂኝ?» እያለ ይለምነኝ ነበር።

ስምንተኛው ቅዳሜ መጣ። እናቴ በአንድ እጇ ግድግዳውን ይዛ ሚዛኑ ላይ ወጣች። ልትስተካከል ስትል የሆነ ነገር ቅጭል አለ። ብረት በብረት። እኔ ይሄን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ የሰው ኪስ ውስጥ የተረሳ ነገር ድምፅ ነው።

«እማዬ፣ ኪስ!»

«የኔን? ባለቤትዋን?»

«ሕግ ሕግ ነው። ራስሽ ነሽ ያልሽው።»

የሽርጧ ኪስ ውስጥ መርፌና ክር ብቻ ነበር። ግን እጄ ሲመለስ ቀሚሷ ሥር ከባድና ቀዝቃዛ ነገር ነካሁ። ቀሚሷን ገለብኩት። ከአሮጌ ትራስ ልብስ የሰፋችው መቀነት ወገቧ ላይ ታስሯል፤ ዙሪያውን ስድስት ኪስ አለው፤ በየኪሱ አንድ አንድ ብረት። ሰባት ኪሎ ሙሉ። ስፌቷን ዛሬም አየዋለሁ፤ እንዴት ያለ ጥንቁቅ ስፌት መሰላችሁ።

ቆሽቴ አረረ። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ በዓለም ላይ ከኔና ከቀጥበሉ በቀር ሐቀኛ ያለ አልመሰለኝም።

«ውሸታም!» አልኳት እናቴን። «ውሸታም ነሽ! ግራፌን አበላሸሽው! አራት ሳምንት! ቀጥበሉ ቢያውቅ ያባርረኛል! አውልቂው! አሁኑኑ አውልቂው!»

 ቋጠሮውን ልትፈታ ሞከረች፤ ጣቷ አልታዘዝ አላት፤ እኔ እየተነጫነጭኩ ፈታሁት። መቀነቱ የነበረበት ቦታ ቀይ ሆኖ ሰንበር አውጥቷል። አይቼዋለሁ። የጉርድ ላስቲክ የሚያወጣው ዓይነት ሰንበር ነው ብዬ አለፍኩት።

«በይ ነይ፣ ምስጢር ልንገርሽ» አለችኝ፤ ትንፋሿ ቆርጦ ቆርጦ ነው የሚወጣው። «ያ ሰማያዊ ቀሚሴ ትዝ ይልሻል? ልጃገረድ ሳለሁ የለበስኩት፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ያለው። ለወላጆች ቀን እሱን ለብሼ ሽንቅጥ ብዬ ልመጣልሽ ነው። ስለዚህ እየከሳሁ ነው፤ ሆነ ብዬ። አባትሽ እንዳይነቃብኝ ነው ብረቱ። እሱ ወፍራም ነው የሚወደው፤ ቢያውቅ ያኮርፋል።»

አመንኳት። አንድም ቃል ሳልጥል አመንኳት። «ለኔ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አልኩ፤ አሁንም አኩርፌያለሁ። «ሁለተኛ እንዳትዋሺ።»

«አልዋሽም፤ ማሪኝ።»

ማሪኝ አለችኝ። እናቴ እኔን። ይሄ ቃል ትዝ ሲለኝ የያዝኩትን ዕቃ የማስቀምጥበት ቀን አለ።

እንደገና መዘንኳት። ሃምሳ ሁለት። የውሸቶቹን ነጥቦች በላጲስ አጠፋሁና በቦታቸው ነጠብጣብ መስመር አሰመርኩ፤ ቀጥበሉ «የማታውቁትን በነጠብጣብ» ብሎ አስተምሮናል። ብረቶቹን አባቴ ሳያይ ሳጥናቸው ውስጥ መለስኩ። ሰኞ ጠዋት ሳጥኑን ከፈተ። ስድስቱን ብረቶች አየ። እኔን አየ። ቀና ብሎ መተኮሻው ጋ የቆመችውን እናቴን፣ ወገቧ ላይ ሰፍቶ የተንጠለጠለውን ቀሚሷን አየ። ክዳኑን ቀስ ብሎ ዘጋና ወደ ጓሮ ወጣ፤ የቧንቧው ውሃ ለረጅም ጊዜ ሲፈስ ሰማሁት። እኔ ምስጢር ጠባቂ ነኝ ብዬ ኮራሁ።

ዘጠነኛው ሳምንት ሃምሳ አንድ። ቀጥበሉ ወረቀቶቻችንን ሊያይ በየወንበሩ ሲዞር የኔ ጋ ቆመ። ብዙ ቆመ። «ይሄ… ማነው ያልሽኝ?» «እናቴ ናት። ቀሚስ ልትለብስ እየከሳች ነው።» «ቀጥ በሉ» እንኳን ሳይል አለፈ። ዓርብ ላይ ቤታችን መጣ። ሸሚዝ ሊያሳጥብ ነው። ኪሱን ፈተሽኩ፤ ባዶ ነው። ሸሚዙ ግን ታጥቦ ተተኩሶ፣ እጥፋቱ እንኳ አልተነካም። «አስተማሪያችን ንጹሕ ሸሚዝ ያሳጥባል!» ብዬ ለጓደኛዬ አወራሁና ስንስቅ ዋልን። ከአባቴ ጋር ጓሮ ቆመው ያወሩትን አልሰማሁም።

አሥረኛው አርባ ዘጠኝ ተኩል፣ አሥራ አንደኛው አርባ ስምንት። ያኔ መስመርን ወደፊት አስረዝሞ መተንበይ ተማርን። ማስመሪያዬን አስቀምጬ መስመሩን ወደ ታች ሳብኩት፤ ወረቀት አለቀብኝ፤ ሌላ ቀጠልኩበት። ራት ላይ ብድግ ብዬ አወጅኩ፦

«እማዬ! በዚህ አያያዝሽ አርባ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ዜሮ ትሆኛለሽ!»

እናቴ ሳቀች። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ በመሀል ሆዷን ያዘች። «እሰይ! ያኔ ቀላል ስለምሆን ኪስሽ ውስጥ ከተሽኝ ትዞሪያለሽ» አለች። «ደግሞ ፈትሸሽ እንዳትጥዪኝ።»

አባቴ ሳህኑን ትቶ ተነሳ። ፈገግ እንኳ ሳይል በመሄዱ ቅር አለኝ። «አባዬ ቀልድ አይገባውም» አልኳት።

«ይገባዋል» አለች። «ደክሞት ነው።»

አሥራ ሁለተኛው ቅዳሜ ላይ ግን እናቴ አልተነሳችም። ጀርባዋን እንዳመማት ነገሩኝ። ወረቀቴን ይዤ የመኝታ ቤቱ በር ላይ ተገተርኩ።

«አንድ ነጥብ ብቻ ነው የቀረኝ!»

«ዛሬ ይቅር፣ ልጄ» አለ አባቴ።

«አሥራ ሁለት ነው የተባልነው! አሥራ አንድ ይዤ አልሄድም!»

«እውነቷን ነው» አለች እናቴ ከአልጋው፤ ድምፅዋ ቀጭን ሆኗል። «ተሸከመኝ እንጂ አንተ ሰውዬ። ድሮ ትመኘው አልነበር? ተሸክመኸኝ ሚዛን ላይ ትወጣና፣ ከዚያ አንተን ብቻህን ትመዝንሃለች። መቀነስ ተምራ የለ!»

አባቴ አያት። «ቆይ» ብሎ ወደ ሱቁ ወጣ። ሲመለስ ወፍራሙን ካፖርቱን ለብሷል። እሷ ሰማያዊውን ቀሚስ አምጡልኝ አለች፤ ከላይ አጠለቅንላት። ገባላት! እንዲያውም ሰፋት፤ ትከሻዋ ላይ አልቆም አለ። ደስታዬን አልቻልኩትም።

ካፖርቱ ውስጥ እንደ ሕፃን ሸጉጦ ይዟት ሚዛኑ ላይ ወጣ። ራሷን ደረቱ ላይ ጣለች። እኔ ተንበርክኬ ቁጥሩን አነበብኩ፤ መቶ ሃያ ሦስት። ወስዶ አስተኛት፤ ሲመለስ «ሞቀኝ» ብሎ ካፖርቱን የሱቁ በር ኋላ ሰቀለና ብቻውን ሚዛኑ ላይ ወጣ። ሰባ አንድ። ወረቀቴ ጠርዝ ላይ ቀነስኩ።  እንደገና ቀነስኩ።

«ሃምሳ ሁለት! አባዬ፣ ጨመረች! እማዬ፣ አራት ኪሎ ጨመርሽ!»

ሮጬ አልጋው ላይ ወጣሁ። መስመሬ መጨረሻው ላይ ቀና ብሎ ወደ ላይ ወጥቷል። እናቴ ወረቀቱን ይዛ አየችው፤ ከዚያ በሩ ላይ የቆመውን አባቴን አየችው። እንደዚያ ያለ አስተያየት ዳግመኛ በሰው ፊት ላይ አላየሁም። «አላልኩሽም?» አለችኝ፤ ጸጉሬን እየዳበሰች። «በይ ሂጂና ፈተናሽን አጥኚ።»

ግራፉን ሰኞ አስረከብኩ። ፈተናው ረቡዕ አለቀ። የመጨረሻው ደብዳቤ መጻፍ ነበር፤ «ለቤተሰብ አባል የምስጋና ደብዳቤ ጻፉ» ይላል። ስለ ብስክሌቱ አስቀድሜ አመሰገንኳቸው። ከዚያ እየሮጥኩ ቤት መጣሁ። የሱቁ በር በጠራራ ፀሐይ ተዘግቷል፤ ተዘግቶ አይቼው አላውቅም። ሊያስገርሙኝ ነው ብዬ በጓሮ ገባሁ። ካውያው ቀዝቅዟል። አባቴ ያልታጠቡ አንሶላዎች ክምር ላይ ተቀምጧል።

«ፈተናው አለቀ?» አለኝ።

«አለቀ። አሁን ንገሩኝ!»

አፉን ከፈተ። የአንሶላውን ጫፍ አንስቶ ፊቱን ሸፈነበት። እኔም እየዘለልኩ «ንገረኝ፣ ንገረኝ፣ አውቄዋለሁ እኮ!» እለው ነበር።

ግራፌ አንደኛ ወጥቶ መሀል ላይ ተሰቅሎ ነበር አሉ። ወላጆች ቀን አልሄድኩም፤ የእናቴ ለቅሶ ላይ ነበርን። ቀጥበሉ ራሱ ጠቅልሎ አመጣልኝ፤ በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ሰጠኝ፤ ጎንበስ እንዳለም ሄደ።

አሁን ደግሞ የራሴን ጥፋት ልናገር። ካደግኩ በኋላ ሕመሟን አወቅኩ፤ ስሙን፣ መዘዙን። ነገር ግን ያ የመጨረሻ ነጥብ ነበር። መረጃ አይዋሽም። አራት ኪሎ ጨምራለች፤ እየዳነች ነበር ማለት ነው። ታዲያ ለምን ሐኪም ቤት አላስተኛትም? ለምን ቤት አስቀመጣት? አሥራ ሰባት ዓመቴ ላይ አንድ ቀን ከአፌ ወጣ። ትንሹ ሚዛን መሀላችን ነበር።

«ክብደቷ ጨምሮ ነበር! በእጄ ጽፌዋለሁ! አንተ ነህ ተስፋ የቆረጥከው። አንተ ነህ የገደልካት!»

አባቴ ሁለት እጁን ወደ ኋላ አጣመረ። «ይሁን፣ ልጄ» አለ። ይሄንኑ ብቻ። እኔ ደግሞ «ይሁን» ማለቱን እንደ ማመን ቆጠርኩት። ከዚያ ወዲህ እየጠየቅኩት፣ በበዓል እየሄድኩ፣ ልብሱን እያጠብኩለት፣ አንድ ቀን እንኳ ከልቤ አላቀፍኩትም። ሃያ አራት ዓመት። የሚዛኑና የአፉ ነገር አንድ ነው የተባለለት ሰው፣ አንድ ቃል ቢናገር ነፃ ይወጣ ነበር።

አባቴ ከሞተ አራት ወሩ ነው። ባለፈው ሳምንት ሱቁን ላጸዳ ገባሁ። ካፖርቱ በሩ ኋላ እንደተሰቀለ ነው። ከዚያ ዘመን ወዲህ ለብሶት አያውቅም፤ ላጥብልህ ስለው «እሱን ተዪው» ይለኝ ነበር። የትንሹ ሚዛን ሳጥን ውስጥም ከሁለቱ ግማሽ ኪሎዎች በቀር ብረቶቹ አዲስ የተገዙ መሆናቸውን አውቃለሁ፤ ለምን ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ካፖርቱን አወረድኩ፤ እጄ ሳላዘው ኪሱ ገባ።

የውስጥ ኪሱ ነው። በቀኝ በኩል ባለ ሁለት ኪሎና ባለ አንድ፤ በግራም ባለ ሁለት ኪሎና ባለ አንድ። እንዳይንኳኩ በመሀረብ ጠቅልሏቸዋል።

ካፖርቱን እንዳለ ትልቁ ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት። ስምንት ኪሎ። ሃምሳ ሁለት ሲቀነስ ስምንት፣ አርባ አራት። እናቴ አርባ አራት ኪሎ ነበረች። ያን ጠዋት በሁለቱ ኪሶች መሀል፣ ደረቱ ላይ ተኝታለች፤ ብረቱ ጎኗን ነክቷት ይሆናል። አራት ሳምንት ወገቧ ላይ የተሸከመችውን ብረት እንዴት አታውቀውም? «አላልኩሽም?» ስትለኝ እያወቀች ነው።

ወለሉ ላይ ተቀምጬ ጮክ ብዬ አለቀስኩ። «አባዬ» አልኩ፤ ማንም የለም። «አባዬ፣ በደልኩህ እኮ። ማረኝ።»

ግራፉን ከቤት አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። እርሳስ አነሳሁ። አርባ አራትን በጣቴ ፈለግኩ፤ አገኘሁት፤ ካሬው ባዶ ነው።  ከዚያ እርሳሱን አስቀመጥኩና ወረቀቱን እንደነበረ ጠቀለልኩት። ብረቶቹን በመሀረባቸው ጠቅልዬ ወደ ኪሶቹ መለስኳቸው፤ ካፖርቱንም ሳላጥበው በሩ ኋላ ሰቀልኩት።